ወይኑን ያመጡልን ፖርቱጋሎች ናቸው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ የይፋግን ወይን ፖርቱጋሎች ናቸው ያመጡት ብለው አስተምረውን ነበር፤ ማስረጃው ምንድን ነው?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ማስረጃ አልነበረኝም። ከሰው የሰማሁትን ነው ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት። እርማቴን እዚህ ላስቀምጥ።

እኛ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የቆየ ነገር ሁሉ «የፖርቱጋል» ነው። አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩትን የጉዛራን ግንብ እንኳ ለእነሱ የሚሰጥ አይጠፋም። ወይኑም እንደዚያው ሆነ።

እስቲ ዘመኑን እንቁጠር (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 መጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ። ዘቢብ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ ሲቀርብ አይቶ ጽፏል። በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ቤት ደግሞ የወይን ጠጅ መኖሩን ይነግረናል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው «አመጣን» አላለም፤ ያገኘውን ነው የጻፈው። የዘቢቡ አሠራር ደግሞ ዛሬም ቤተ ልሔም ውስጥ ያለው ነው።

የክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ 400 ወታደሮች የመጡት በ1541 ነው። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ኢማም አሕመድን የገጠሙበት ቦታ ማን ይባላል? ወይና ደጋ! ስሙን አድምጡት፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት እኮ ነው። የእኛ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለወይን ትበርዳለች። ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ይፋግና እንፍራዝ ሲወረድ ግን አየሩ ይመቸዋል። ኋላ የመጡ የውጭ ተጓዦችም በዚያ አካባቢ ወይን እንደነበረ ጽፈዋል።

ኢየሱሳውያኑ በኋላ ችግኝ አላመጡም ብዬ አልከራከርም። መጀመሪያው ግን እነሱ አይደሉም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፖርቱጋል ከ250 በላይ አገር በቀል የወይን ዝርያዎቿን በስም መዝግባ ይዛለች። ከአገሩ ውጪ ብዙ ሰው የማያውቀው የዳኦ አውራጃ ነጭ ወይን፣ ኤንክሩዛዶ፣ ስሙም ተክሉም አለ። እኛ ደግሞ የአገራችንን የአየር ጠባይ በወይን ስም እየጠራን፣ የቁርባኑን ዘቢብ ከሱቅ ገዝተን ለቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን።

ይፋግ፣ እንፍራዝ፣ አዲስ ዘመን ያላችሁ፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። በጓሯቸው የወይን ሐረግ የነበረ ካለ፣ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ከታች ጻፉልኝ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳው ላይ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።