ቤትና ደን፤ በጣና ሐይቅ ዳር የነበረው የቤት አሠራር

ስለ ጣና ሐይቅ በተጻፉት የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ነገሥታቱ፥ ገዳማቱና የብራና መጻሕፍቱ ሰፊ ቦታ አላቸው። ባላገሩ የሚኖርበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መንገደኛ ሲያልፍ እንዳየው ነገር ብቻ ነው። ቤቱ ከምን ተሠራ? እንጨቱ ከየት መጣ? ሲያረጅስ ምን ይሆናል? ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለማንሣት እንሞክራለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፥ የቤት ታሪክ የሕዝብ ታሪክ ክፍል ነው። ሁለተኛ፥ በሐይቁ ዳር የሚሠራው ቤት እየበዛ በሄደ መጠን ተፈጥሮን የማይጎዳ ቤት ምን ዓይነት ነው የሚለው ክርክር በተማሪዎች መካከል እየጸና መጥቷል። በክርክሩ አንዱ ወገን የአባቶቻችን ጎጆ ምንም ነቀፌታ እንደሌለበት አድርጎ ያወድሳል። ሌላው ወገን ጎጆን የድህነት ምልክት ነው ብሎ ይንቃል። ነገሩን ከታሪክ አንጻር ስንመረምረው ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ዐቢይ ጉዳይ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩፤ አገሩና የቤት ዕቃው

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ከዚህም የተነሣ ክረምት በገባ ጊዜ ውሃው ወደ ደንቢያና ወደ ፎገራ ሜዳ ይተኛል፤ በበጋም መልሶ ይሸሻል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ቤቱን የሚሠራው ከውሃው ጠርዝ ርቆ ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ነው። ጠርዙ ለደንገል፥ ለከብት ግጦሽና ለበጋ እርሻ ይተዋል። ሐይቁ እንደሚመላለስ ያወቀው በልምድ ነው።

ለቤት የሚሆነውን ሁሉ የሚያገኘው ከአካባቢው ነበር። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ለመሠረት ይሆናል። የሜዳው ጥቁር ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ለምርግ አይመረጥም፤ ጭቃው የሚቦካው ከቀይ አፈር ነው። ለምሰሶና ለቋሚ ወይራና ጽድ፥ ለበርና ለሣንቃ ዋንዛ ይፈለጋል። ለክዳን ረጅም ሣር፥ ለማሰሪያ ልጥና ሐረግ አለ። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ደግሞ ከደንገል ታንኳ በመሥራትና ሰሌን በመጎንጎን የታወቁ ናቸው። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ብዙ ሳይቆይ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በዚያን ጊዜ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። የተጣለውም በስብሶ ወደ መጣበት ይመለሳል።

፪፤ የባላገሩ ጎጆ

ጎጆ የሚሠራው ባለቤቱን ተለክቶ ነው። ወለሉ ላይ ችካል ይተከልና በገመድ ክብ ይሰመራል፤ የገመዱ ርዝመት የሚወሰነው በቤተ ሰቡ ቍጥር፥ በጎታው ብዛትና ሌሊት ከውስጥ በሚያድሩት ከብቶች ነው። አዲስ ለተጋባ ልጅ ትንሽ ጎጆ ይቀለሳል፤ ኑሮው ሲሰፋ ሌላ ይጨመራል። አንድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ቤት መሥራት የማይችለው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ለሥራው የሚጠራው ደቦ መልሶ የሚከፈል ብድር ስለ ሆነ ነው። ዛሬ ለእኔ የመጡት ጎረቤቶች ነገ ለእነርሱ እንድሄድ ይጠብቃሉ። ቤቱ ሰፊ በሆነ ቍጥር ብድሩም ይበዛል።

ክብ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 28 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ሲኖረው የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር ያህል ነው። ያንኑ ወለል በአራት እኩል ጎን ብንሠራው ከ21 ሜትር በላይ ግድግዳ ያስፈልጋል። እንግዲህ ክቡ ቤት ከአሥር እጅ አንድ እጅ የሚያህል እንጨትና ጭቃ ያተርፋል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ያሰላ ባላገር አልነበረም፤ ነገር ግን እንጨት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ትከሻ ያውቀዋል።

ቋሚው ከተተከለና ማገሩ ከታሰረ በኋላ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ቀናት ቆይቶ እንዲብላላ ይተዋል። እኛም በልጅነታችን ደንቢያ ውስጥ በተወለድንበት መንደር ይህን ጭቃ ረግጠናል፤ ሽታው አሁንም ከአፍንጫችን አልጠፋም። ሽማግሎቹ «ያልሸተተ ጭቃ አይይዝም» ይሉን ነበር፤ ጭዱ ሲብላላ ጭቃውን እንደሚያጣብቀው የተረዳነው በኋላ ነው። ውሃ የሚቀዱትና የመጨረሻውን ልስን በእበት የሚያሳምሩት ሴቶች ነበሩ። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የፀሐይን ሙቀት እየዋጠ ሌሊት ይመልሳል። የምድጃው ጢስ ደግሞ ሣሩን ያደርቃል፥ ተባዩንም ያባርራል። ቤቱ ባረጀ ጊዜ ደኅናው እንጨት ለሌላ ቤት ይነሣል፤ የቀረው አፈር ይሆናል። ፍርስራሹ ባለበት ቦታ ዱባና ጎመን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ያምራል።

ይሁን እንጂ ውዳሴ ብቻ ጽፈን ብንሄድ እውነቱን እንሸሽጋለን። ክዳኑን የሚጠብቀው ጢስ የእናቶቻችንን ዓይን አጥፍቷል። ምስጥ ቋሚውን ከሥሩ ይበላል። በአንድ ፍንጣሪ መንደር ሙሉ ይቃጠላል። ከሁሉ በላይ፥ ጎጆ ብዙ እንጨት ይፈልጋል፤ ምድጃውም ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ጥቂት ሰው በሚኖርበት አገር የተቆረጠው ዛፍ ይተካል፤ ሕዝብ ሲበዛ ግን ያው ጎጆ ደኑን ይጨርሰዋል።

፫፤ የነገሥታቱ ከተማ

ይህን የሚያስረዳን የነገሥታቱ ታሪክ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንት አነጋገር ንጉሡና ሠራዊቱ የሰፈሩበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ «ከተመ» ማለትም ሰፈረ ማለት ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ከተማ የጻፈልን በድንኳን የተሞላና ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር ሰፈር አድርጎ ነው። ከተማው ለመነሣቱ የጦርነትና የግብር ጉዳይ ምክንያት ነበር፤ ነገር ግን የማገዶና የእህል ማለቅም ሌላ ምክንያት ነበር። ንጉሡ የሰፈረበት አገር ዛፉ ተቆርጦ ራቁቱን ይቀራል፤ ሠራዊቱም ሌላ ደን ወዳለበት ይሄዳል።

ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ጀምሮ የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና አካባቢ ቀረበ። በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ነው ይባላል። ቀጥሎም ዐፄ ሱስንዮስ በሐይቁ ሰሜን ዳር በጎርጎራ ከተሙ። እዚያም እስፓኛዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት አሠራ፤ እርሱ ራሱም በ1614 ዓ.ም. በጎርጎራ ሞተ። በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ፤ ከተማም ከመዘዋወር ወደ መቀመጥ ዞረ።

የድንጋይ ቤት የደንን ጥፋት ያቆማል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ግን ይሳሳታል። ግንቡን የሚያያይዘው ኖራ ነው፤ ኖራም የሚገኘው ድንጋይ በብዙ እንጨት ተቃጥሎ ነው። በድንጋዩ ቤት ውስጥ የሚኖረውም ሰው እንጀራውን የሚጋግረው በማገዶ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከሣር ወደ ግንብ ሲለወጥ ጥያቄው አልተለወጠም። ከዚህ ዘመን ብዙ በኋላ በአዲስ አበባም ያው ነገር ታይቷል። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከተማ እንጨት አልቆባት ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ከመነሣት ካዳኗት ነገሮች ዋናው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ መተከሉ ነው። ከተማ መቀመጥ የቻለው ሰው መትከል በጀመረ ጊዜ ነው።

፬፤ የዘጌ ሥርዓት

በጣና ዳር ግን ከነገሥታቱ የተለየ መንገድ የተከተለ ስፍራ አለ። በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የዘጌ ልሳነ ምድር እስከ ዛሬ በደን የተሸፈነ ነው። ሕዝቡ የሚተዳደረው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡና፥ በጌሾና በሎሚ ነው። በአገሩ ትውፊት መሠረት ገዳሙን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም መሬቱ እንዳይታረስ፥ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት ሠርተዋል። ሕዝቡ ይህን ትእዛዝ ለብዙ ዘመን ጠብቆ ኖሯል።

በዘጌም ሰው ቤት ሠርቷል፤ በዘጌም እንጨት ተቆርጧል። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ክብ ቤተ ክርስቲያኖች እንኳ ከእንጨት፥ ከጭቃና ከድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ዕቃው ላይ አይደለም። የደንቢያ ጎጆና የዘጌ ጎጆ በአንድ ዓይነት ጭቃና በአንድ ዓይነት ማገር ቆመዋል፤ ሆኖም በአንዱ አገር ሜዳው ተራቍቷል፥ በሌላው ደኑ አለ። በዘጌ ዛፉ የቡናው ጥላ ስለ ሆነ የቆረጠው ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ በላዩም የሃይማኖት ፍርሃት አለ። ጥቅምና ሕግ በአንድነት ደኑን ጠበቁት።

እንግዲህ በመግቢያችን ሁለቱም ወገኖች ዘንግተውታል ያልነው ጉዳይ ይህ ነው። ቤትን ለተፈጥሮ የሚስማማ የሚያደርገው ጭቃ ወይም ድንጋይ፥ ሣር ወይም ቆርቆሮ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የሚወሰድበትና የሚተካበት ሥርዓት መኖሩ ነው።

፭፤ የባሕር ዳር ዘመን

በጣና ደቡብ ዳር የነበረችው የባሕር ዳር መንደር ከጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጀምሮ እየሰፋች ሄደች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፥ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ሥራ ሲጀምሩ ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ቆርቆሮ ሣርን፥ ባሕር ዛፍ ወይራን፥ በኋላም ብሎኬት ጭቃን ተካ።

የአባታችን ቤትም ቆርቆሮ የለበሰው እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለን ነው። በመጀመሪያው ክረምት የዝናቡ ድምፅ ከማየሉ የተነሣ የእራት ጸሎት መስማት አልቻልንም፤ ቀን ቤቱ ይግላል፥ ሌሊት ይበርዳል። እናታችን ግን ደስ አላት። በየጥቂት ዓመቱ ሣር የምታጭድበትና የምትሸከምበት ዘመን አለፈ፤ ከጣራው የሚወርደውንም ውሃ በጋን መቀበል ጀመረች። ይህን የእናታችንን ደስታ ሳይቈጥር ወደ ሣር ቤት እንመለስ የሚል ሰው የማን ትከሻ ሣሩን እንደሚሸከም አስቀድሞ ይንገረን።

ይሁንና አዲሱም ዕቃ ዕዳ አለበት። ሲሚንቶ የሚገኘው ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ የጎንደር ዘመን የኖራ ምድጃ ዛሬ ከዓይናችን ርቆ በሌላ ስፍራ ይነድዳል እንጂ አልጠፋም። የሐይቁም ጠርዝ ተለውጧል። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በሰው እጅ ይመጠናል። አባቶች ለደንገል ይተዉት የነበረው ጠርዝ ለእርሻና ለሕንፃ ተወስዷል። ከእርሻውና ከከተማው የሚወርደውን ደለልና ቆሻሻ ያጣራ የነበረው ያ ደንገል ነው። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭ የተስፋፋው እንዲህ ባለ በተመገበ ውሃ ላይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ግን ያለ ጠባቂ ሥርዓት ብቻውን ዛፍ አያቆምም።

፮፤ መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ ቤት ሠሪ የሚሆኑ አራት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ፥ ቤት በነዋሪው ልክ ይሠራ፤ ባዶ የሚቀር ክፍል ያለ ጥቅም የተቆረጠ ዛፍና የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ሁለተኛ፥ የሐይቁ ጠርዝ ለደንገል ይተው፤ ቤቱ ወደ ጉብታው ይመለስ፤ የመጸዳጃውም ጉድጓድ ከውሃው ይራቅ። ሦስተኛ፥ የጭቃው ዕውቀት አይጣል፤ ቀይ አፈር ጥቂት ሲሚንቶ ተጨምሮበት በማተሚያ ተጨምቆ የሚሠራው ጡብ ሳይተኮስ ለግድግዳ ይበቃል፤ ሙቀትንም እንደ አሮጌው ግድግዳ ይይዛል። ቆርቆሮም ቢሆን ከሥሩ ኮርኒስ ካለውና ውሃው በጋን ከተጠራቀመ የሚነቀፍ አይደለም። አራተኛና ዋናው፥ ቤት የሚሠራ ሁሉ የሚቆርጠውን ያህል ይትከል፤ ይህም በምክር ሳይሆን እንደ ዘጌ በሥርዓት ይሁን።

የሕንፃ ሥራ የሚማሩ ጓደኞቻችን ስለ ግድግዳው ጥንካሬ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። እኛ የታሪክ ተማሪዎች የምንጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ንጉሡ በከተመበት ሜዳ ዛፍ አልቀረም፤ መነኩሴው ባዘዘበት ልሳነ ምድር ደኑ አለ፤ ሁለቱም ግን ቤት ሠርተዋል። በባሕር ዳርና በጎርጎራ ዛሬ መሠረት የምንቆፍረው እኛስ የምንከተለው የማንን መንገድ ነው? በሚቀጥለው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ፥ እያንዳንዳችን በመንደራችን የቆመው ቤት እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፥ በምትኩም ምን እንደ ተተከለ ጠይቀን ብንጽፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት እንጀምራለን።