ባሌስትራ፦ ከወለቃ ምድጃ እስከ ሐዴራ መኪና ማቆሚያ



ዓርብ ጠዋት በሰፈራችን ሕንፃዎች ሥር ብታልፉ፣ ያረጀ ጂፕ በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሥሩ የሁለት ሰው እግር ወጥቶ ታያላችሁ። ልጆቻችን ናቸው። ገንዘብ አዋጥተው ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ይገዛሉ፤ ጋራዥ የሚጠይቀውን ዋጋ ይሰሙና «እኛው እንፈታዋለን» ይላሉ። አባት በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል፤ መኪና አላውቅም ብሎ ዝም ይላል። ይህን የምጽፈው ለዚያ አባት ነው። ከመኪናው ሥር ያለውን ብረት ከልጁ ይልቅ እሱ ሊያውቀው ይችላልና።

ባሌስትራ የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጣሊያን ቃል ነው። ጥንት በእንጨት ላይ ተጋድሞ ፍላጻ የሚወረውረው ቀስት ስሙ እንዲህ ነበር፤ የመኪናው ብረትም እንደ ቀስት የጎበጠ ስለሆነ ስሙን ወረሰ። ጣሊያን በ1936 አዲስ አበባ ሲገባ የጭነት መኪናዎቹን ይዞ ገባ፤ ጎንደርን በሊማሊሞ በኩል ከአሥመራ ጋር ያገናኘውን ጥምዝምዝ መንገድ ሠራ። በኅዳር 1941 ጎንደር ላይ ድል ሆኖ ሲወጣ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ፍሬን፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፦ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው።

እዚህ አገር ጋራዥ ገብታችሁ ቋንቋው ቢያደናግራችሁ አትፈሩ፤ የእነሱም እንደ እኛው የተዋሰ ነው። እንግሊዞች እስከ 1948 ድረስ ይህን አገር ገዝተው ስለነበር የእስራኤል መካኒክ ፍሬኑን «ብሬክስ»፣ የኋላውን አክሰል «ቤክ አክስ» ይላል። የፊተኛውንማ «ፍሮንት ቤክ አክስ» ይሉት ነበር፤ «የፊተኛው የኋላ አክሰል» እንደ ማለት ነው። ባሌስትራውን ግን በዕብራይስጥ «ቅፊጼ ዓሊም» ይሉታል፤ የቅጠል ሞላ ማለት ነው። እኔም ከዚህ በኋላ የተነባበሩትን ዝርግ ብረቶች እያንዳንዳቸውን ቅጠል እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ወለቃ እንመለስ። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ወገኖቻችን ርስት ስለተነፈጉ ብዙዎቹ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸዋል። ይህን ስድብ ታላላቆቻችሁ አይረሱትም። የጭነት መኪና ከመጣ በኋላ ለቀጥቃጩ አዲስ ሀብት ተገኘለት። በኮረኮንች ላይ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ፊያት ባሌስትራው ይሰበራል፤ የተሰበረው ቅጠል አይጣልም። ወደ ምድጃው ይገባና ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላ ሆኖ ይወጣል። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። በወናፍ እየነፋ ብረቱን ያቀላዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። በ1991 ወደዚህ ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የመዶሻው ድምፅ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

መኪናውንም ቢሆን ባሌስትራ ለረጅም ዘመን ተሸክሞት ኖሯል። በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ በባሌስትራ ይሄድ ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕም፣ በ1948 የታየው ላንድሮቨርም እንዲሁ። እዚህ በናዝሬት ኢሊት (ዛሬ ኖፍ ሀጋሊል በምትባለው ከተማ) ለሠራዊቱ የተሠራው «ሱፋ» ጂፕም በባሌስትራ የቆመ ነው፤ ወታደር የሆኑ ልጆቻችሁ ያውቁታል። ባሌስትራ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ክብደት ይሸከማል፣ አክሰሉንም ቦታውን እንዳይለቅ ይይዛል። ክፋቱ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ መኪናው ይደርቃል፣ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል። ስለዚህ በ1970 ሬንጅ ሮቨር በጥምዝ ሞላ መጣ፤ በ1990 የቶዮታ ላንድክሩዘር 80 ተከተለው። ፓጄሮ ደግሞ በ1982 ሲወጣ ከፊቱ ሞላም ባሌስትራም አልነበረውም፤ እየተጠመዘዘ የሚመለስ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነበረው። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ አገር የ1980ዎቹን ላንድክሩዘር እንደ ኢትዮጵያ በየመንገዱ የማታዩት ቶዮታ የዓረቦችን ማዕቀብ ፈርቶ እስከ 1991 መኪና ስላልሸጠልን ነው።)

ይህን ታሪክ ያስረዘምሁት ሰው ሊሞትበት ስለሚችል ነው። ባሌስትራ ጉልበቱ በዓይን ይታያል፤ መኪናው በሻሲው ተነሥቶ አክሰሉ ሲንጠለጠል ውጥረቱ ይላላል፣ ብሎኑም በአብዛኛው በሰላም ይወጣል። አገር ቤት በየሜዳው የሚፈቱት ለዚህ ነው። አሞርዛተሩን ከውስጡ አቅፎ የያዘ ጥምዝ ሞላ ግን ከመኪናው ከወጣ በኋላም እንደ ታጨቀ ነው። የላይኛውን ዳዶ ያለ ማጨቂያ መሣሪያ የፈታ ሰው ፊት ለፊቱ መድፍ አጥምዷል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ሲያደርግ ሞላው መንጋጋውን ሰብሮታል። አጎቱ ባሌስትራ ሲፈታ አይቶ ያደገ ልጅ ነበር። ስለዚህ ከመኪናችሁ ሥር ከመግባታችሁ በፊት የትኛው እንደ ሆነ እዩ። ጥምዝ ሞላ ያቀፈ አሞርዛተር ከሆነ እንዳለ አውጥታችሁ ፈቃድ ላለው ጋራዥ ስጡት፤ የመፍታቱን ዋጋ ብቻ ትከፍላላችሁ።

ባሌስትራ ከሆነ፣ በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ አትግቡ፤ ሻሲውን በብረት ማቆሚያ ደግፉት። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። አክሰሉንም ለብቻው ደግፉ። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። አክሰሉን ከባሌስትራው ጋር አንቆ የሚይዘውን የታጠፈ ብሎን አዲስ ግዙ፤ አሮጌው አንድ ጊዜ ተስቦ ረዝሟል። የቦኮላዎቹን ብሎኖች መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ አጥብቁ፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠምዞ ይቀራል፣ በአጭር ጊዜም ይበጣጠሳል።

ልጆቹ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ቅጠል መጨመር ይወዳሉ። ከፍ ያለ መኪና ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል፣ የፍሬኑ ቱቦም ሊያጥር ይችላል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ቴስት ላይ መርማሪው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ከሥር ያያልና።

የተሰበረ ቅጠል ደግሞ በብየዳ አይጠገንም። ለምን እንደ ሆነ አባቶች ያውቁታል። ለማረሻ የሚመቸው፣ በምድጃ የሚለዝበው ያው ብረት፣ በመኪናው ሥር እሳት ከነካው ወይ ይለሰልሳል ወይ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ የወንድሜ ልጅ የጂፑን ባሌስትራ ፈትቶ ቅጠሎቹን እዚህ ግቢያችን ውስጥ ደርድሯቸው ነበር። አንዷ ብቻ ተሰብራ ስለነበር እሷን ቀይሮ ሊገጥም ተነሣ። አባቴ ከበረንዳው በደረጃው ወረደ፣ መዶሻ ጠየቀ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ከመሬት አንሥቶ በቀስታ መታ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ጆሮውን አቀረበና ደግሞ መታት። «ይቺም ተሰንጥቃለች» አለ። ልጁ አላመነም፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ሲያይ በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች።