በመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ለማስተከል ተገልጋዮች ሊከተሉት የሚገባ ቅደም ተከተል

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠቀሙ ነዋሪዎች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ መኪናቸውን የሚሞሉት በመኖሪያ ግቢያቸው ነው። በተግባር እንደሚታየው በርካታ ተገልጋዮች በመጀመሪያ መኪናውን፣ ቀጥሎ ቻርጀሩን ይገዙና የቤታቸው የኤሌክትሪክ መስመር ጭነቱን ይችል እንደሆነ የሚጠይቁት በመጨረሻ ነው። ሆኖም መቅደም ያለበት የቤቱን አቅም ማስለካት ነው። ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤተሰብንና ጎረቤትን ከእሳት አደጋ ይጠብቃል። ይህ ጽሑፍ ከውሳኔ እስከ ርክክብ ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያብራራል።

1. ቻርጀር ከሌሎች የቤት ዕቃዎች የሚለይበት ምክንያት

በአብዛኛው ቤት ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀመው ዕቃ የእንጀራ ምጣድ ሲሆን ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። መካከለኛ የመኪና ቻርጀርም የሚወስደው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ኃይል ነው። ልዩነቱ በቆይታው ላይ ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ይሠራል፤ በመካከልም እየጠፋና እየበራ ሽቦው ይቀዘቅዛል። ቻርጀር ግን ተመሳሳይ ጭነት ለብዙ ሰዓታት ያለማቋረጥ ይስባል፤ ይህም የሚሆነው ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት ነው።

በሽቦና በመገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን በበለጠ ፍጥነት ያድጋል፤ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ሶኬት ወይም ማከፋፈያ በቀን ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ሌሊት ሊቀልጥ ይችላል። መኪናን በማከፋፈያ ወይም በተቀጣጠለ ገመድ መሙላት በማንኛውም ሁኔታ አይመከርም።

2. የሚያስፈልገውን የኃይል መጠን መወሰን

ትልቅ ቻርጀር ሁልጊዜ የተሻለ ቻርጀር አይደለም። በ220 ቮልት ነጠላ ፌዝ መስመር ላይ ባለ 10 አምፔር ቻርጀር 2.2 ኪሎዋት፣ ባለ 16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት፣ ባለ 32 አምፔር ደግሞ 7 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። 11 ወይም 22 ኪሎዋት የሚል መለያ ያላቸው ቻርጀሮች ይህን መጠን ለመስጠት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋሉ። ከዚህም ሌላ መኪናው በውስጡ ካለው መቀበያ በላይ መሳብ አይችልም፤ 7 ኪሎዋት ብቻ ለሚቀበል መኪና የ22 ኪሎዋት ቻርጀር መግዛት ጥቅም አይኖረውም።

ለምሳሌ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አነስተኛ አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቢሆን የዕለቱ ፍጆታ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በመሙላት ሂደት የሚባክነው ሲታከልበት 9 ገደማ ይደርሳል። ይህን ለመተካት 16 አምፔር ቻርጀር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ 10 አምፔር ቻርጀር ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ 16 አምፔር በአብዛኛው በቂ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

3. የቤቱን አቅም ማረጋገጥ

ተገልጋዩ በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛ፣ የቤቱ መስመር ነጠላ ፌዝ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ በቆጣሪው ገጽ ላይ የተጻፈውን የአምፔር መጠን፤ ሦስተኛ፣ የዋናውን ብሬከር መጠን። በቆጣሪ ላይ 5(60) የሚል ጽሑፍ ካለ በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ቆጣሪው ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ አምፔር ያሳያል። ይህ ግን የቆጣሪው አቅም እንጂ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ የመጣው ሽቦ ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር አቅም ማረጋገጫ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ዋና ብሬከሩ 40 አምፔር በሆነ ቤት ምጣድ 16፣ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር 8፣ ቻርጀር 32 አምፔር በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ድምሩ 56 ይሆናል፤ ብሬከሩም ይዘጋል። በዚያው ቤት 16 አምፔር ቻርጀር ቢተከልና ምጣዱ በማይሠራበት ሰዓት ብቻ ቢሞላ ከቦይለሩ ጋር ድምሩ 24 አምፔር ነው፤ የኃይል ማሻሻያም ላያስፈልግ ይችላል።

ብሬከሩ ሲዘጋ ሽቦውን ሳይቀይሩ በትልቅ ብሬከር መተካት እጅግ አደገኛ ነው። ብሬከር የሚዘጋው ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይግል ለመከላከል በመሆኑ ብሬከሩ ሲተልቅ ጥበቃው ይጠፋል። እንዲሁም በአንድ ቆጣሪ ሁለትና ከዚያ በላይ ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ የሁሉም ፍጆታ በስሌቱ መካተት አለበት።

4. የኃይል ማሻሻያ ጥያቄ ማቅረብ

በስሌቱ መሠረት የቤቱ አቅም የማይበቃ ከሆነ ወይም ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ካስፈለገ ጥያቄው የሚቀርበው ደንበኛው ለሚገለገልበት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ነው። ደንበኛው የታደሰ መታወቂያ፣ የደንበኛ ቁጥር ያለበት የቅርብ ጊዜ የፍጆታ ቢል፣ የቤቱን ባለቤትነት ወይም ሕጋዊ ይዞታ የሚያሳይ ማስረጃ፣ እንዲሁም የቻርጀሩን የኃይል መጠን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ቢቀርብ ጉዳዩ ይቀልለታል። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ባለሙያ ቦታውን አይቶ የሥራ ግምት ያዘጋጃል፤ ሥራው የሚከናወነውም ግምቱ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ክፍያ የሚፈጸመው ተቋሙ በሚያሳውቀው መንገድና በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ሲሆን ለግለሰብ በእጅ ገንዘብ መስጠት አይገባም። የቆጣሪን ማኅተም መፍታት፣ ከቆጣሪ በፊት መስመር መቀጠል ወይም ከጎረቤት መስመር መሳብ በሕግ ያስጠይቃል።

5. የተከላ ባለሙያ መምረጥ

ከቆጣሪ በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር ኃላፊነት የደንበኛው ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ተከላ ሥራ መከናወን ያለበት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ባለው ሰው ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ደንበኛው ውል ከመፈጸሙ በፊት የባለሙያውን የብቃት ማረጋገጫ ዋናውን ቅጂ ማየት፣ የሚሠራበት ደረጃ የታቀደውን ሥራ የሚሸፍን መሆኑንና ማረጋገጫው የታደሰ መሆኑን ማጣራት ይኖርበታል። የሥራው ዝርዝር፣ የዕቃዎቹ ዓይነትና መጠን፣ ዋጋውና የዋስትና ጊዜው በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

6. ተከላው ሊያሟላቸው የሚገቡ መስፈርቶች

ሀ) የራሱ መስመር፦ ቻርጀሩ ከማከፋፈያ ሳጥኑ በቀጥታ የሚነሳና ሌላ ዕቃ የማይጋራው መስመርና ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

ለ) ተመጣጣኝ ሽቦ፦ ለ16 አምፔር ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ32 አምፔር ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ የመዳብ ሽቦ መጠቀም ይመከራል። ርቀቱ ከረዘመ ወይም ሽቦው በግድግዳ ውስጥ በቱቦ የሚያልፍ ከሆነ ለ32 አምፔር 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሊያስፈልግ ይችላል። የመጨረሻውን መጠን ባለሙያው አስልቶ ይወስናል።

ሐ) ኧርዝ፦ የቤቱ የመሬት መስመር በመሣሪያ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። ብዙ ቻርጀሮች ኧርዝ ከሌለ አይሠሩም። ቻርጀሩ እንዲነሳ ብቻ ኒውትራሉን በሶኬቱ ውስጥ ከኧርዝ ጋር ማገናኘት የመኪናውን አካል ኤሌክትሪክ ሊያስይዝና ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ድርጊት ነው።

መ) የኤሌክትሪክ ማፈትለክ መከላከያ፦ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ በሰው አካል ወይም በመሬት በኩል ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ (አር.ሲ.ዲ.) የግድ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሊያፈተልክ ስለሚችል ተራው መከላከያ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ማፈትለክ የሚለይ ታይፕ ቢ መከላከያ ወይም ታይፕ ኤ ሆኖ 6 ሚሊ አምፔር መለያ የተገጠመለት ቻርጀር መመረጥ አለበት።

ሠ) ከድንገተኛ የቮልቴጅ ከፍታ መከላከያ፦ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚፈጠረው ከፍታ የቻርጀሩንና የመኪናውን ክፍሎች ሊጎዳ ስለሚችል መከላከያ ማስገጠም ይመከራል።

ረ) ቦታ፦ ቻርጀሩ ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከማገዶ ወይም ከጋዝ ሲሊንደር የራቀ መሆን አለበት። ከቤት ውጭ የሚተከል ከሆነ አይ.ፒ. 54 ወይም ከዚያ በላይ የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ ሊኖረው ይገባል።

7. ቻርጀሩን ሲገዙ

ለቻይና ገበያ የተመረቱ መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን መሰኪያ ሲጠቀሙ ለአውሮፓ ገበያ የተመረቱት ታይፕ 2 ይጠቀማሉ፤ ሁለቱ እርስ በርስ አይገጥሙም። ከቻይና መኪኖች ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀርም ብዙውን ጊዜ ስፒናው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ በአገራችን በስፋት ከሚገኘው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት ጋር አይስማማም። ርካሽ ማስማሚያ መጠቀም የተለመደ የመቃጠል መንስኤ ነው፤ ተገቢው መፍትሔ ለጭነቱ የሚመጥን ሶኬት በባለሙያ ማስገጠም ነው።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የከፍታ ጉዳይ ነው። በርካታ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች የሚመረቱት ከባሕር ጠለል እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ሲሆን አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየሩ በሳሳ ቁጥር ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ ማንበብና ከሻጩ ማረጋገጥ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ቻርጀሩን ከሙሉ አቅሙ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል ይገባል።

8. የጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎችና ተከራዮች

በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ መተላለፊያው፣ ደረጃው፣ ግቢውና የመኪና ማቆሚያው የጋራ መጠቀሚያ ስለሆኑ ቻርጀር ለመትከልና ኬብል ለማሳለፍ የቤት ባለቤቶች ማኅበርን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከፎቅ በመስኮት ገመድ አውርዶ መሙላት በእግረኛና በሕፃናት ላይ አደጋ የሚያስከትል በመሆኑ ተቀባይነት የለውም። ብዙ ባለመኪናዎች ባሉበት ሕንፃ ማኅበሩ በስሙ የተለየ ቆጣሪና የጋራ ቻርጀር ቢያስተክልና እያንዳንዱ ተጠቃሚ በፍጆታው ልክ ቢከፍል ወጪውም ክርክሩም ይቀንሳል።

ተከራይ የባለቤቱን፣ በመንግሥት ቤት የሚኖር ደግሞ ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል ስምምነት በጽሑፍ መያዝ አለበት። በስምምነቱ ውስጥ የማስተከያውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነና ኪራዩ ሲያበቃ ቻርጀሩ የማን እንደሚሆን መገለጽ ይኖርበታል።

9. ርክክብና አጠቃቀም

ደንበኛው ሥራውን ከመረከቡ በፊት በባለሙያው ፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ አለበት፦
• የአር.ሲ.ዲ. መሞከሪያ ቁልፍ ሲጫን ኃይሉ ወዲያውኑ መቋረጡን፤
• የኧርዝ ልኬት ውጤት በጽሑፍ መሰጠቱን፤
• የቻርጀሩ ብሬከር በማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ በግልጽ ምልክት መደረጉን፤
• መኪናው ለ30 ደቂቃ ያህል ሲሞላ ቆይቶ የሶኬቱ ሽፋንና ኬብሉ በእጅ ሲነኩ አለመጋላቸውን፣ የመቃጠል ሽታም አለመኖሩን።

ከርክክብ በኋላ መሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ መጫን፣ መስመሩንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በባለሙያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው። መኪናውን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲሞላ በሰዓት መቆጣጠሪያው ማስተካከል የምግብ ማብሰያና የመብራት ጭነት ከሚበዛበት ጊዜ ስለሚያርቀው ለቤቱም ለሰፈሩ ትራንስፎርመርም ይጠቅማል።

10. በፍጆታ ሂሳብ ላይ የሚኖረው ለውጥ

በምሳሌው የተጠቀሰው መኪና በወር 26 ቀን ቢንቀሳቀስ በቤቱ ፍጆታ ላይ 230 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ስለሚያድግ ቤተሰቡ ወደ ከፍተኛው እርከን ሊሸጋገር እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያላቸው ደንበኞችም ሂሳቡ ሌሊት ካለቀ መሙላቱ እንደሚቋረጥ በመገንዘብ በቂ ሂሳብ አስቀድመው መሙላት አለባቸው።

ማሳሰቢያ

ቻርጀሩ፣ ሶኬቱ ወይም ማከፋፈያ ሳጥኑ ከጋለ፣ ከሸተተ ወይም ብልጭታ ካሳየ ዋናውን ብሬከር ወዲያውኑ መዝጋትና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ዳግም አለማብራት ይገባል። በእሳት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ውሃ ሊደፋበት አይገባም። ስለ ኃይል ማሻሻያ፣ ስለ መስመር ብልሽትና ስለ ቆጣሪ ጥያቄ ያላቸው ደንበኞች በአቅራቢያቸው በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል በአካል በመቅረብ ወይም በተቋሙ የጥሪ ማዕከል 905 በመደወል መረጃ ማግኘት ይችላሉ።