«ፈልጌ አጣሁት» ከማለታችን በፊት፦ የአማርኛ ኢሜይልና የፍለጋ አጭር ታሪክ

«ጎግል ላይ ፈልጌ አጣሁት፣ የለም ማለት ነው» የሚል ሰው ሳላገኝ የማልፍበት ሳምንት ጥቂት ነው። አንዱ የአያቱን ስም፣ ሌላው የቆየ አዋጅ፣ ሌላዋ ከ20 ዓመት በፊት የተላከላትን ኢሜይል ፈልገው አጥተው ነው የሚመጡት። የኔ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አለ፣ ግን ሌላ ልብስ ለብሷል። የአማርኛ ጽሑፍ ኮምፒዩተር ላይ ባለፉት 30 ምናምን ዓመታት ሦስት ዓይነት ልብስ ለብሷል። የምትፈልጉት ነገር በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ካወቃችሁ ግማሹን አገኛችሁት ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ከሥሩ እንነሳ። ኢሜይል ከፍለጋ መሣሪያ በ20 ዓመት ገደማ ይበልጣል። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1971 አጠገብ ላጠገብ ከነበሩ ሁለት ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክት ላከ፤ የሰውየውን ስምና የኮምፒዩተሩን ስም ለመለየት የመረጠው ምልክት ዛሬም የምንጠቀምበት @ ነው። የመጀመሪያው የኢንተርኔት ፍለጋ መሣሪያ የሚባለው አርቺ ደግሞ በ1990 ሞንትሪያል፣ ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠራ። የሠራው አለን ኤምታጅ የባርቤዶስ ልጅ ነው፤ ጥቁር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፣ እግረ መንገዴን ላንሳው ብዬ ነው። አርቺ የፋይል ስም እንጂ የፋይሉን ውስጥ አያነብም ነበር። የዛሬዎቹ ያነባሉ፣ ግን ፎቶ ወይም ስካን የሆነ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አይሳካላቸውም፣ አማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የልደት ካርዳችሁን ስካን አድርጋችሁ ስልኩ በሰጠው ቁጥር ብቻ አትተዉት። የባለቤቱን ስም፣ የወረቀቱን ዓይነትና ዓመቱን ጻፉበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢሜይል ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው የገባው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር፤ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ መልእክት ያጠራቅምና በስልክ መስመር ደውሎ ያስተላልፍ ነበር። ደብዳቤው እንደ ፖስታ ከረጢት ይጠራቀማል፣ ሲደወል ይሄዳል፣ የመጣውም ይራገፋል። ሙሉው ኢንተርኔት በቴሌ በኩል የተከፈተው በ1997 ነው።

በዚያ ጊዜ የኢሜይል መስመር የሚያውቀው የላቲን ፊደልን ብቻ ነበር። ስለዚህ አማርኛ የመጀመሪያ ልብሱን ለበሰ፣ የላቲኑን። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር፤ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል እየለዩ ግዕዙን ሳይዛነፍ ለመጻፍ። ትንሹ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁ ቲ ለ«ጠ»፣ ኤክስ ለ«ሸ»፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በጣም ብልህ ሥራ ነው። ሕዝቡ ግን ይህን ሥርዓት መቼ ያውቃል? ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ደቂቃ እየተቆጠረበት ጆሮው እንደሰማ ይጽፋል። «እንደምን» የሚለውን አንዱ በአይ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኢ፣ ሦስተኛው አናባቢውን ጭራሽ ይዘለዋል።

ይሄ ቀልድ አይደለም። አንዲት የማውቃት ሴት ባለፈው ዓመት ባሏን ወደምትኖርበት አገር ለመውሰድ ስታመለክት የቆየ ግንኙነታችሁን አሳዩ ተባለች። «ባሌ», «ናፍቆት», «ሰርጋችን» እያለች በአማርኛ ኢሜይሏን ፈተሸች፤ ባዶ። ያ ሁሉ ደብዳቤ ግን በላቲን ነበር የተጻፈው። ቃል መፈለጉን ትታ በላኪው አድራሻ ብቻ፣ ከዚያ በቀን ገድባ ስትፈልግ የአምስት ዓመት ደብዳቤ ተዘረገፈ። ጂሜይል ላይ ከፍለጋው ሳጥን ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኩ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀን፣ «አታችመንት ያለው» የሚሉ ክፍት ቦታዎች ይመጣሉ። ለድሮ ደብዳቤ ከቃል ይልቅ ሰውና ቀን ይታመናል።

ሁለተኛው ልብስ የፎንት ዘመን ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና መሰሎቻቸው ቢሮዎቻችንን ለዓመታት አገልግለዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ አሠራራቸው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ሆኖ ላዩ ብቻ «ሀ» እንዲመስል ማድረግ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ይፈርሳል። አንድ ሰነድ ከዚህ ዘመን መሆኑን ለማወቅ አንድ መስመር ገልብጣችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፉ፤ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ በአማርኛ ቃል ብትፈልጉት በፍጹም አይመጣም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ፎንቱን የሚያስታውስ ሰው ሳይጠፋ ብትቀይሩት ይሻላል።

ሦስተኛው ዩኒኮድ ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 «ንያላ» የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ስልክ ላይ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ባዶ ሳጥን ሳጥን ስናይ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ጋ የመጣው ችግር የኮምፒዩተር ሳይሆን የራሳችን የቆየ ጣጣ ነው፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት። ለሰው ጆሮ «ፀሐይ» አንድ ናት። ለኮምፒዩተር ግን ሁለት «ፀ» (ጸ፣ ፀ)፣ ስድስት «ሐ» (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ) አሏት፣ በጠቅላላው 12 አጻጻፍ። «ኃይለ ሥላሴ»ን ከ«ሥ» እና «ስ» ጋር፣ አንዴ ለይታችሁ አንዴ አጣብቃችሁ ቁጠሩት፤ 24 ይሆናል። ጎግል አንዳንዱን ያቀራርባል፣ ኢሜይላችሁና የቢሮ ሰነድ ማኅደር ግን ላያቀራርቡ ይችላሉ። ስለዚህ ስም ስትፈልጉ ቢያንስ ሦስት አራት አጻጻፍ ሞክሩ፤ ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን ስህተት የምትሉትንም። የጻፈው ሰው እናንተን አላማከረም።

ሌላው ቅጥያ ነው። «ደብዳቤ» ብላችሁ ብትፈልጉ «የደብዳቤው» እና «በደብዳቤያችሁ» ሊያመልጡ ይችላሉ፣ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ቃሉን እንዳለ ነው የሚፈልገውና። ከነ«የ»ው፣ ከነ«በ»ው ሞክሩት። ጎግል ላይ ደግሞ ሙሉ ስምን በትምህርተ ጥቅስ "..." ውስጥ ስታስገቡት እንደተጻፈው ተከታትሎ የመጣውን ይሰጣችኋል። አያታችሁ የታዋቂ ዘፋኝ ሞክሼ ከሆኑ «-ዘፈን» ብላችሁ የመቀነስ ምልክቷን ከቃሉ ጋር አጣብቁና ጨምሩ፣ ይቀንስላችኋል።

የቆየ መጽሐፍ ፈላጊዎች ደግሞ የውጭ ቤተ መጻሕፍትን አትርሱ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍትን በላቲን መዝግቧል፣ ግን እኛ ፓስፖርት ላይ እንደምንጽፈው አይደለም። እኛ በኢ የምንጽፈውን ግዕዝ (የመጀመሪያውን ድምፅ) እነሱ በኤ ነው የሚጽፉት። «ተፈሪ» የሚለው ስም በውጭ ሰው አፍ «ታፋሪ» የሆነው፣ «ራስታፋሪ»ም የተባለው እንዲህ ካለው አጻጻፍ ነው። ኢዎቹን በኤ ቀይራችሁ ሞክሩ፣ የጠፋ መጽሐፍ ብቅ ሲል ታያላችሁ።

ስትልኩም ለነገ ፈላጊ አስቡ። ርዕሱ ላይ «ሰላም» ብቻ ከመጻፍ ጉዳዩን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብታስቀምጡት ከአሥር ዓመት በኋላ ይገኛል። ለ50 የዕድር አባላት ስትልኩ ደግሞ አድራሻቸውን በስውር ቅጂው ቦታ አስገቡ፤ ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ማየት የለበትም። «ቅጂ» የሚለው ነገር የመጣው የቢሮ ጸሐፊዎች ታይፕ ሲመቱ ከሥር ከሚያደርጉት ካርቦን ወረቀት ነው፣ የድሮ ሰዎች ጣታቸው እንዴት ይጠቁር እንደነበር ያስታውሳሉ።

አንድ አስቸኳይ ነገር ልጨምር። ጎግል ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አሳውቋል። ያሁ ላይ ደግሞ ገደቡ 12 ወር ነው። የእናት የአባታችሁ ደብዳቤ፣ የሟች ወንድማችሁ ፎቶ የተቀመጠበት አሮጌ አድራሻ ካለ፣ የይለፍ ቃሉ ከጠፋም በድሮው ስልክ ቁጥር ለማስመለስ ሞክራችሁ፣ ዛሬ ማታ ግቡበት። ከዚያ ዋና ዋናውን ፍላሽ ላይ ገልብጡት።