ቀይ የወይን ጠጅና ጠባቂዎቹ

ማቆያ ኬሚካል ያልገባበት ቀይ የወይን ጠጅ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር ቢወራም፣ ታሪኩ ጥንታዊ ነው። በመጀመሪያው ምእተ ዓመት እ.ኤ.አ. በግሪክኛ የተጻፈው «ፔሪፕለስ» ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን የወይን ጠጅ ይጠቅሳል። በዚያ ዘመን የወይን ጠጅ ይጫንባቸው የነበሩት የሸክላ ማሰሮዎች እንዳያፈሱ ውስጣቸው በዝፍት ይቀባ ነበር።

የወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ ያስረዳው ግን ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት ጥፋቱ የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን አመለከተ። ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው ባክቴሪያ አየር ይሻል፤ ድኝም የሚጨመረው እርሱንና መሰሎቹን ለመግታት፣ የአየርንም ጉዳት ለመቀነስ ነው። እርሾው ራሱም በመብላላት ጊዜ ጥቂት ድኛማ ውሕድ ስለሚያመነጭ፣ ከድኝ ፍጹም ነጻ የሆነ የወይን ጠጅ እምብዛም አይገኝም።

ድኝ ካልተጨመረ ሦስት ጠባቂዎች ይቀራሉ፤ ንጽሕና፣ እስከ አፉ የተሞላ ዕቃና ቀዝቃዛ ቦታ። ቀዩ ከልጣጩና ከፍሬው በሚያገኘው ታኒን ምክንያት ከነጩ ይልቅ ይታገሣል።

ስሟ ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጋር አብሮ የሚነሣው መካኒሳና መላው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለዚህ የተመቹ ናቸው። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በመሆኑ፣ ጥቂት ሜትሮች ወደ ታች የተቆፈረ ጓዳ ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ይሁን እንጂ እድሜ ሁሉ ማዕረግ አይደለም። እንዲህ ያለው ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፤ ጠርሙሱ ከተከፈተም ለነገ ሳያሳድሩ ከባልንጀራ ጋር መጨረስ ነው።