ከሞርድ ወደ መደርደሪያ፦ የክብ መጋዝ ጥርስና የሰያፍ ቁርጥ ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ የሥዕል ፍሬም ነው። የሠራሁት እኔው ነኝ። ሦስቱ ማዕዘኖች ገጥመዋል፤ አራተኛው ግን ተከፍቷል። ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኜ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አላከክሁ። ማሽኑ ግን በደል አልነበረበትም። በደሉ የእኔ ነበር፤ ጣውላ በቁመቱ ለመሰንጠቅ የተሠራ ባለ 24 ጥርስ ስስ ዲስክ ገጥሜ 45 ዲግሪ ሰያፍ ቁርጥ ቆረጥሁበት። ዲስኩ በየቁርጡ ጥቂት ተለመጠ። አንድ ፍሬም ስምንት ቁርጥ አለው፤ እያንዳንዱ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢያጋድል መጨረሻው ማዕዘን ላይ 4 ዲግሪ ሆኖ ይጠብቀናል።

የእኔ ስህተት የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎችም ስህተት ነው። የክብ መጋዝን ታሪክ የኃይል ታሪክ አድርገን እንተርከዋለን፤ ነፋስ፣ እንፋሎት፣ ኤሌክትሪክ እያልን። የጥራቱ ታሪክ ያለው ግን ጥርሱ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሚለር ክብ መጋዝን የሚጠቅስ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1777 ነው። በአሜሪካ የሼከር ማኅበር አባል የነበረችው ታቢታ ባቢት በ1813 ፈለሰፈችው የሚለው ትረካ በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ በፖርትስማውዝ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደብ ክብ መጋዞች ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያ ማርክ ብሩኔል የነደፋቸውንና ሄንሪ ሞድስሌይ የሠራቸውን ማሽኖች በመጠቀም የመርከብ ገመድ የሚያልፍባቸው የእንጨት መዘውሮች በብዛት ይመረቱ ነበር።

በዚያ ዘመን ዲስኩም ጥርሱም አንድ ብረት ነበር። ጥርሱ ሲደንዝ ባለሙያው ሞርድ አንሥቶ ይስለዋል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሚስለው ሰው በዚያው ቅጽበት ይመርጥ ነበር፤ ለቁመት ስንጠቃ ጥርሱን ወደ ፊት ያዘነብለዋል፣ ለአግድም ቁርጥ ደግሞ ጫፉን እንደ ቢላ ያሾለዋል። የምርጫው ዕውቀት ከእጁ አይለይም ነበር።

በ1860ዎቹ በካሊፎርኒያ ናታን ስፖልዲንግ ተነቃይ ጥርሶችን አስተዋወቀ፤ ያረጀው ጥርስ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ዲስኩ ግን ይቆያል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከእንጨት ሥራ ውጭ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የአምፖል አምራቹ ኦስራም ባለሙያ ካርል ሽሮተር የተንግስተን ካርባይድ ዱቄትን ከኮባልት ጋር አጣመረ። ዓላማው የአምፖልን ቀጭን ሽቦ የሚያሳልፈውን ውድ የአልማዝ ቅርጽ ማውጫ መተካት ነበር። የክሩፕ ኩባንያ ቁሱን «ቪዲያ» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ ስሙ «እንደ አልማዝ» ከሚለው የጀርመንኛ ሐረግ የተወሰደ ነው። ኋላ ላይ ይኸው ቁስ በመጋዝ ጥርሶች ጫፍ ላይ ተበየደ።

ካርባይድ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ሆኖም ተራ ሞርድ አይበግረውም፣ የሚስለው የአልማዝ ድንጋይ ነው። በዚህም ምክንያት ምርጫው ከአናጢው እጅ ወጥቶ ወደ ሱቅ መደርደሪያ ተሻገረ። እንደ እኔ እምነት የዚህ ታሪክ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ቀድሞ በሞርድ ይጻፍ የነበረውን ዛሬ ገዢው ዲስኩ ላይ ማንበብ አለበት፤ ማንበብን ግን ማን አስተማረው?

እንግዲህ እናንብብ። ሰያፍ ቁርጥ ከቀጥተኛው ይከብዳል፤ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ መንገዱ 141 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የእንጨቱም ክር ጥርሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ በ254 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ይመረጣል። ጥርሶቹ ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘመም ብለው የተሳሉ ይሁኑ፤ ክሩን ሳይቦጭቁ ይቆርጡታልና። በሚጎተት ወይም ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ማሽን ላይ ጥርሱ ወደ ፊት ብዙ ያላዘነበለ፣ እንዲያውም ጥቂት ወደ ኋላ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ እንጨቱን ይነጥቃል። ስስ ዲስክ ብናኝ ይቀንሳል፣ ግን ይለመጣል፤ ለወፍራም ጣውላ ጠንካራ ገላ ያለውን ምረጡ። የጥርስ ብዛት ግን ለሁሉም ሥራ መልስ አይደለም፤ በቁመት ስትሰነጥቁ የበዛው ጥርስ እንጨቱን ያቃጥላል።

ፍሬሙን እስካሁን አላወረድሁትም። ስቱኮው በየበጋው ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀ ቁጥርም አንድ ነገር ያስታውሰኛል። ለወርክሾፖቻችን ማሽን ስንገዛ ስለ ሞተሩ ጉልበት ብዙ እንከራከራለን፣ ዲስኩን ግን በርካሽ ዋጋ እንጨርሰዋለን። ከዚያም ተማሪው ያልገጠመ ማዕዘን ይዞ ሲመጣ እጁን እንወቅሳለን። እጁን ከመውቀሳችን በፊት ጥርሱን እንቁጠር።