መውጣትና ማውጣት፦ የማህፀን ቀዶ ሕክምና ከአምባሰል ሲታይ

«ማህፀን መውጣት» እና «ማህፀን ማውጣት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ሕመሙ ነው፤ ሁለተኛው ሕክምናው። አንዲት እናት «ማህፀኔ ወጥቷል» ስትል ወርዶባት ይሆናል፤ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላት ሊሆንም ይችላል። ይህን ሳያጣራ የሚያልፍ ሐኪም ከጅምሩ ይሳሳታል።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ቀር ወደ ዘመናዊ እንደሚወጣ መሰላል ይተረካል። ሐኪሙ ላንገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1813 ጀርመን ውስጥ ማህፀንን በብልት በኩል፣ ያለ ማደንዘዣ አወጣ። በርነም በ1853 አሜሪካ ውስጥ ሆድ ከፍቶ ሲያወጣ ታካሚዋ ተረፈች፤ እሱም ቢሆን ሆዱን የከፈተው የእንቁላል እጢ ነው ብሎ ነበር። በ1988 ሬይክ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሮቦት መጣ። ማስረጃው ግን መሰላሉን ይገለብጠዋል። ካንሰር ላልሆነ ሕመም የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝኑት የኮክሬን ግምገማዎች፣ እስከተቻለ ድረስ፣ የሚያስቀድሙት ጥንታዊውን የብልት በኩል መንገድ ነው። ሆድ ከተከፈተባት ይልቅ በዚህ መንገድ የታከመችው ቶሎ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ላፓሮስኮፒም ማገገምን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሆድ ከመክፈት ጋር ሲነጻጸርም የሽንት ፊኛንና ቱቦን የመጉዳት ዕድሉ ከፍ ይላል።

በደቡብ ወሎ ለምትገኘው ለአምባሰል ወረዳ ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። ደጋግማ የወለደች፣ ዳገት ላይ ውሃና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ወደ ሐኪም የሚያመጣት ብዙ ጊዜ የማህፀን መውረድ ነው። ከወረዳዋ ከተማ ከውጫሌ በሐይቅ አድርጋ ደሴ ትሄዳለች። እዚያ ቀዶ ሐኪሙ የማህፀኑን ጫፍ ዙሪያውን ይሰነጥቃል፤ ፊኛውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ጅማቶቹንና የደም ሥሮቹን እያሰረ ይቆርጣል። ብዙዎች ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስላቸዋል። የታሰሩት ጅማቶች ከብልቱ ጣሪያ ጋር ካልተሰፉ ግን ማህፀኑ ቢወጣም ጣሪያው ራሱ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ማህፀኑ የለም፣ መውረዱ አለ።

ማህፀኑ ሳይወርድ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ) ሲገኝ ደግሞ ሆድ መክፈት እንደ ልማድ ይያዛል። እጢው መካከለኛ ከሆነና ማህፀኑ ከተንቀሳቀሰ ግን ማህፀኑን ከፋፍሎ በብልት በኩል ማውጣት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥሩ መብራት፣ ሁለት ብርቱ ረዳትና የለመደ እጅ ነው። እጁ የሚለምደው ደግሞ በወረደ ማህፀን ላይ ነው፤ በዚህ ረገድ ወሎ የሚሠለጥን ሬዚደንት ሐኪም ትምህርት ቤቱ ደጁ ላይ አለ። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የደቡብ ወሎ የጤና ተቋማት መሣሪያ ሲዘረፍ እንደታየው፣ ካሜራና የጋዝ መሣሪያ ይወሰዳል፤ የሐኪም ችሎታ ግን ከሐኪሙ ጋር ይሸሻል፣ ከሐኪሙ ጋር ይመለሳል። ላፓሮስኮፒ አይምጣ ማለቴ አይደለም፤ ሲመጣ ግን ሆድ መክፈትን ይተካ እንጂ ይህን እጅ አያስረሳ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ ባልየው ባለበት መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው። በመውጫ ወረቀቷም ላይ «ማህፀን ወጥቷል» ብሎ መተው አይበቃም። የማህፀኑ ጫፍ ከቀረ የካንሰር ምርመራዋ ይቀጥላልና፣ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደቀረና በየት በኩል እንደተሠራ ይጻፍ።